የእታለም ጋን እና የእኔ ብየዳ

ሰፈራችን ጠመንጃ ያዥ ይባላል። እኔ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው አይቼበት አላውቅም። ያደግሁት ጋን የምትጎትት ሴት እያየሁ ነው።

እታለም እንላታለን፤ አክስቴ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ከአልጋዋ ራስጌ ሁለት ጋን ነበራት። ማኅበር ላለበት፣ ክርስትና ለሚደግስ፣ ተዝካር ለደረሰበት ሰው ጠላ ትጠምቃለች። የተረፈውን ለጎረቤት በጣሳ ትሸጣለች። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ የመጀመሪያዋ ስልኬ ሳትቀር ከዚያ ጋን ውስጥ ነው የወጡት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅ ሆኜ አፍርበት ነበር። ልብሴ ሁሌም የወይራ ጭስና የጌሾ ሽታ አለው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አንዱ “የጠላ ሻጭ ልጅ” ብሎኝ ተደባድበናል። ማታ እታለም ለምን እንደተጣላሁ ስትጠይቀኝ “በኳስ ነው” አልኳት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምታውቀው።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ የሞላ ጋን ለማዘንበል ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ያዛት። ቀጥ ማለት አቃታት። ለሁለት ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ “ከእንግዲህ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳያነሱ” አላት።

“ታዲያ ምን ልብላ?” አለችው።

እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ከጋኑ ጋር የተደረገ ስብሰባ

እኔ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ብየዳ ነው የተማርኩት። የሰው በርና መስኮት እየሠራሁ ነው የምኖረው። አንድ ማታ እታለም ተኝታ ጋኖቹን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እስኪ አስቡት፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 60 ሊትር የያዘ ጋን፣ የራሱ የሸክላው ክብደት ሳይቆጠር 60 ኪሎ ነው። ይህችን የምታህል ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ከረጢት የሚያስንቅ ነገር ስታዘነብል ኖራለች። እኔ ደግሞ ሙያዬ ብረት ነው። እስከዚያች ማታ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

ስልኬን ከፍቼ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ፣ አሜሪካኖቹ በየጋራዣቸው ቢራ የሚጠምቁበትን የብረት መቆሚያ አገኘሁ። እዚያ አገር በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 አዋጁን ከፈረሙ በኋላ ነው። የእኛ እናቶች ደግሞ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቁ ሲጠምቁ ኖረዋል። ያም ሆኖ የፈረንጆቹ ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። ዕቃዎቹን እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ይደረድሯቸዋል፤ ፈሳሹ በራሱ ክብደት በጎማ ይወርዳል። ማንም ጎንበስ ብሎ ምንም አያነሳም።

ጠዋት ለእታለም ነገርኳት።

“በፕላስቲክ ጠላ? እኔ በቁሜ?” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠላ ምን ይፈልጋል?

መቆሚያውን ከመበየዴ በፊት ጠላው ራሱ ምን እንደሚፈልግ መማር ነበረብኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቀውም ነበር።

መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጥንስስ የሚባለው ይሄ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ከዚያ እንኩሮው ሲጨመር ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ውሃ ይሞላና አፉ ታፍኖ ይቀመጣል። ቶሎ ከጠጡት ጉሽ ነው፣ ከታገሡት ይጠራል። ዋናው ተቀድቶ ሲያልቅ በድፍድፉ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ቂራሪ ይወጣዋል።

ብቅል ማለት በቅሎ የደረቀ እህል ነው፤ በእኛ ቤት ገብስ ነው። እህሉ ሲበቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች ይፈጠሩበታል። እርሾው ያንን ስኳር ይበላና አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሰጣል። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም የተነሳው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ፋብሪካ ለምሬቱ ሆፕስ ሲጠቀም እኛ ጌሾ መጠቀማችን ነው። ፋብሪካ እርሾውን ለይቶ ይጨምራል። የእኛው እርሾ ግን ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ ግድግዳ በራሱ ይመጣል። እታለም ጋኗን እንደ ልጅ የምትሳሳለት ለካ ወዳ አይደለም።

“ጋዝ ይሰጣል” የምትለዋን ቃል ግን አንብቤ አልፌያት ነበር። በኋላ ዋጋዋን ከፍያለሁ።

የመጀመሪያው መቆሚያ

ምናለሽ ተራ ሄጄ 60 ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን የፕላስቲክ በርሜል ፈለግሁ። እዚህ ላይ አደራ፤ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። ምግብ የነበረበትን ምረጡ፣ ቂጡ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትም እዩ። ውስጡ 2 ቁጥር ካለ ብዙ ጊዜ ለምግብ ዕቃ የሚውለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ቁጥሩ ግን በርሜሉ በፊት ምን እንደያዘ አይነግራችሁም፤ ሻጩን ጠይቁ፣ አሽትቱ። የዚንክ ቅብ ያለው የብረት በርሜልም አይሆንም። ጠላ አሲድነት ስላለው ዚንኩን እየበላ ወደ መጠጡ ያስገባዋል።

ለእግሩ 40 በ40 ቱቦላሬ ቆርጬ ሁለት ደረጃ ያለው መቆሚያ በየድኩ። ላይኛው 95 ሳንቲ ሜትር፣ ታችኛው 35። እንዳይወዛወዝ ከኋላ ሰያፍ ብረት አሰርኩለት። የቀበሌ ቤት ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ ከእግሮቹ ሥር ላሜራ አደረግሁ። በትራፓኖ ከበርሜሉ ቂጥ አጠገብ ቀዳዳ አውጥቼ ቧንቧ በጎሚኒ ገጠምኩ። ቀለም ቀብቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ስታተስ ላይ ለጠፍኩ።

እታለም ከዘራዋን ተደግፋ መጣችና በርሜሉን ቀና ብላ አየችው። አፉ ከአናቷ በላይ ነው።

“እዚያ ላይ እንኩሮውን ማን ነው የሚጨምረው? እኔ ቀጭኔ ነኝ?”

ሜትሮ ይዤ ብረቱን ለክቻለሁ፤ እሷን ግን አልለካኋትም።

እኔም እልኸኛ ነኝና “የመጀመሪያውን እኔ ልጨምረው” አልኩ። ድፍድፉን ሞላሁ። ጋን በጭቃ ይመረግ የለ? እኔም ክዳኑን በጎሚኒ አጥብቄ ዘጋሁት። የሸክላ ጋንና የጭቃ ምርጊት ግን ቀስ እያሉ ጋዙን ያሾልካሉ። በጎሚኒ የታሰረ ፕላስቲክ አያሾልክም።

በሁለተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ክዳኑ ፈነዳ። ኮርኒሱ ላይ ጌሾ፣ አልጋው ላይ ድፍድፍ፣ እኔ ፀጉር ላይ ቂጣ። ጎረቤት ሁሉ ጥይት መስሎት ወጣ። ጠመንጃ ያዥ በእኔ ዕድሜ ስሙን የሚመስል ድምፅ የሰማው ያን ሌሊት ብቻ ነው።

እታለም አልተቆጣችም። ወገቧን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እስክታነባ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ክዳኑ ግን አልጋዋ ላይ ነበር የወደቀው። ፊቷን ቢያገኘውስ? ይሄን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው

ብረቱን በግራይንደር ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ግን እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ “እዚህ ጋ”፣ “ዝቅ አርገው” እያለችኝ ነው።

ላይኛውን ደረጃ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር አወረድነው። የበርሜሉ አፍ ከእታለም አናት ዝቅ አለ። ታች በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በበርሜል ፋንታ የምግብ ዘይት የነበረባቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች አስቀመጥን። ጀሪካን አጭር ስለሆነ ከላይ ያለው ቧንቧ ከአፉ ከፍ ይላል፤ ጠላው በጎማ ራሱ ይወርዳል። ከጀሪካኑ ቧንቧ ሥር ደግሞ ትንሽ ጆግ ይገባል።

የበርሜሉን ቧንቧ ከቂጡ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት። ድሮ ታች ስለነበር አተላ ነው የሚቀዳው፣ የጌሾ እንጨትም ይደፍነዋል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ንጹሕ ወንፊት ጨርቅ አሰርንለት።

ለጋዙ ክዳኑን በስቼ ቀጭን ጎማ አስገባሁ። የጎማውን ጫፍ ግማሽ ውሃ ባለው ሃይላንድ ውስጥ ነከርኩት። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየርና ዝንብ ግን አይገባም። ቡልቅታው ሲፈጥን እየፈላ ነው፤ በየደቂቃው አንድ ሲሆን እየበረደ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ጋዙ አየር ያሳጣል።

ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ከግቢው ቧንቧ በቀጥታ በጎማ እንሞላዋለን። ባልዲ የለም።

የቀረው ጭሱ ነበር። ፕላስቲክ በወይራ ሊታጠን አይችልም፣ ይቀልጣል። ያለ ጭስ የሠራነውን እታለም አንድ ጊዜ ተጎንጭታ “የታመመ ሰው ጠላ” አለችው። መፍትሔውን ያመጣችውም ራሷ ናት። ጥንስሱን ሁለት ጊዜ በታጠነ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትጀምረዋለች። ብቅሉንና ቂጣውን የሚቀበለው ማሰሮው ነው። ከዚያ በጣሳ እየጨለፈች ወደ በርሜሉ ታዛውረዋለች። አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ አይሞላም። ጭሱም እርሾውም ከሸክላው ይመጣሉ፣ ሸክሙን ብረቱ ይይዛል።

በርሜሉ የሚታጠበው በሙቅ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ነው። በሽቦ ከፈተጋችሁት ይጫጫርና ጭረቱ ውስጥ ተህዋስ ይደበቃል፤ የሚቀጥለው ጠላ ይኮመጥጣል።

ግንቦት ልደታ

የሰፈራችን ትልቁ ቀን ግንቦት 1 ነው። ልደታ ውስጥ እየኖሩ ልደታን አለማክበር አይቻልም። ጎረቤት ደጅ ላይ ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። የእታለም ጠላ ከሌለ ደግሞ “ዘንድሮ ምን ሆነች?” ይባላል። ጋን ማንሳት እንዳቃታት ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ የዚያን ቀን የሚፈተነው ጠላው ብቻ አልነበረም።

እታለም በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቧንቧውን በሁለት ጣቷ ከፈተች። ጆጉ ሞላ፣ አቀበለች። ከጎረቤቶቻችን በዕድሜ ትልቋ እናት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። እኔ በር ሥር ቆሜ ትንፋሼን ውጫለሁ።

“ጋኑን ለወጥሽው እንዴ?” አሉ።

“ኧረ በልጄ ብረት ነው የጠመቅሁት።”

“ወይራው አለ” አሉና ብርጭቋቸውን መልሰው ዘረጉ።

ለምታነቡኝ ወጣቶች ሁለት ነገር ልጨምር። ቤት የተጠመቀ ጠላ ጥንካሬው የተጻፈበት ጠርሙስ የለውም። እንደ አጠማመቁ ቀላልም ከባድም ይሆናል፤ “ጠላ ምን አላት” ተብሎ አይናቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እታለም ሕጉን አላነበበችውም፤ ግን ከበፊትም ለልጅ አትቀዳም።

ሁለተኛው ስለ እናቶቻችሁ ነው። እንጀራ፣ ጠላ፣ አረቄ፣ ቆሎ ሸጣ ያሳደገቻችሁ ካለች፣ ሥራዋን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ምን ታነሳለች? ስንት ጊዜ ጎንበስ ትላለች? ብየዳ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጎረቤት አይጠፋም። እኔ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከልደታ ማግስት ሦስተኛ ቤት ያሉት እናት “ለእኔም ሥራልኝ” ብለው አስጠሩኝ። ሜትሮዬን ይዤ ሄጄ በመጀመሪያ የለካሁት እሳቸውን ነው።

እታለም ግን አሁንም ማታ ማታ፣ ድሮ ከጋኑ ጋር እንደምታደርገው፣ በርሜሉ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች።

“እታለም፣ ሃይላንዱ ይነግርሽ የለ እንዴ?” ስላት፣

“እሱ ላንተ ነው” ትለኛለች።