ጥቁር ስክሪን ሁሉ የሞተ ኮምፒዩተር ነውን?

በማስተማር ልምምድ ጊዜ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ትምህርት ቤቶች ብቅ ያልን ዕጩ መምህራን ሁላችንም ሳናየው ያልቀረን ነገር ቢኖር፣ በዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ተደራርበው «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ኮምፒዩተሮች ናቸው። ምን ሆነው ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ይበራል፣ ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው» ይባላል። እንግዲህ ይበራል ከተባለ ነገሩ ገና አላለቀም ማለት ነው። ተማሪዎች በአንድ ኪቦርድ ላይ ተሻምተው በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ማሽን ከግምጃ ቤት ብትመለስ ትርፉ ቀላል አይደለም።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የማስቀመጫ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። በየትምህርት ቤቱ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ይህን ከየት ያመጡታል? ስለዚህ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች እያዞሩ ነው፤ ለምሳሌ ያህል ፓፒ፣ አንቲኤክስና ሉቡንቱ የተባሉትን መጥቀስ ይቻላል። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ለአገራችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የታደሉት ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖች 433 ሜጋ ኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋ ባይት ራም ብቻ ይዘው በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ።

ይሁን እንጂ አሮጌ ማሽንና አዲስ ሊኑክስ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያጣላቸው ስክሪኑ ነው። ፍላሹ ይሰካል፣ ኮምፒዩተሩ ይበራል፣ ከዚያ ጨለማ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ከመደናገጥ በፊት ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። አነሣሡ እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ስክሪኑን በመጀመሪያ የሚይዘው በማዘርቦርዱ ላይ የሚኖረው ባዮስ ነው፤ እሱ ግሩብ ለተባለው አስነሺ ፕሮግራም ያስረክባል፤ ግሩብ ደግሞ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት ይሰጣል፤ ከርነሉ በመጨረሻ ለዴስክቶፑ ያቀብላል። ጨለማ ሆነ ማለት ከነዚህ አንዱ ዱላውን ጣለ ማለት ነው። ሥራችን ማን እንደ ጣለው መለየት ነው።

የኮምፒዩተሩ ፋብሪካ ምልክት እንኳ ሳይታይ ገና ከመነሻው ጥቁር ከሆነ፣ ሊኑክስ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ስለዚህ ሊኑክስን ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም። የስክሪኑ ኬብል ይጠበቅ። ማሽኑ ለብቻው የተሰካ የግራፊክስ ካርድ ካለው ኬብሉ መሰካት ያለበት በዚያው ካርድ ላይ ነው እንጂ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀጥሎ ማሽኑ ከኮረንቲ ተነቅሎ ራሙ ይውጣ፤ ወርቃማ ጥርሶቹ በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ይታሹና ፍርፋሪው ተራግፎ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ተጭኖ ይመለስ። አቧራ በበዛበት ክፍል የቆየ ማሽን በዚህ ብቻ ሲነሣ ማየት የተለመደ ነው። ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ምስል አልደረሰውም፤ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለ ግን ምስሉ ደርሶታል፣ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው ያላሳየው። ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክፍሉን ጨለም አድርጎ የሞባይል ባትሪ መብራት በጎን ወደ ስክሪኑ ማብራት ነው። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ከታየ ምስሉ አለ፣ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው ማለት ነው።

የፋብሪካው ምልክት ታይቶ ከዚያ በኋላ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ባዮስ ግሩብን አላገኘውም። ፍላሹ በደንብ አልተጻፈ ይሆናል፣ ወይም የማስነሻው ቅደም ተከተል ሃርድ ዲስኩን አስቀድሞ ይሆናል። ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ለ64 ቢት የተዘጋጀ ሊኑክስ አይነሣበትም፤ ሉቡንቱ ከ19.04 ዕትሙ ጀምሮ፣ ዴቢያንም በ2025 እ.ኤ.አ. ካወጣው 13ኛ ዕትሙ ጀምሮ ለ32 ቢት ማስገቢያ ማዘጋጀት አቁመዋል።

ዋናው ጣጣ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የግሩብ ዝርዝር በትክክል ይታያል፤ መርጠን «ኢንተር» ስንል ጥቁር ይሆናል። ሰዎች ማሽኑ ሞተ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ አንዲት ፈተና እንሞክር። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን እንጫን። መብራቷ ከበራችና ስንደግም ከጠፋች ከርነሉ በሕይወት አለ፤ የታወረው ስክሪኑ ብቻ ነው። መብራቷ ማንም ሳይነካት ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ከርነሉ ራሱ ወድቋል።

ከርነሉ በሕይወት ካለ ምን ሆኖ ነው ታዲያ የማያሳየው? ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሊኑክስ ከርነል የስክሪኑን ስፋትና ፍጥነት ራሱ ማዘጋጀት ጀምሯል። ገና ሲነሣ የግራፊክሱን ሾፌር ይጠራና ስክሪኑን ከባዮስ እጅ ይረከባል። ሾፌሩ ከአሮጌው ቺፕ ጋር ካልተግባባ ዱላው የሚወድቀው በዚህች ቅጽበት ነው። መድኃኒቱ «አትረከብ፣ ባዮስ በተወልህ አኳኋን ቀጥል» ብሎ ማዘዝ ሲሆን፣ ትእዛዙም ኖሞድሴት ይባላል። ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ ያለ ክፍተት ነው።

አጻጻፉም እንደሚከተለው ነው። የግሩብ ዝርዝር እንደ ታየ «ኢንተር» ከመጫን ይልቅ የእንግሊዝኛዋ ኢ ፊደል ትጫን። (ዝርዝሩ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ በአሮጌው ባዮስ «ሺፍት»ን ይዞ መቆየት፣ በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ደግሞ «ኤስኬፕ»ን መታ መታ ማድረግ ያወጣዋል።) ብዙ መስመር ይመጣል፤ አያስደንግጥ። «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይገኛሉ። አንዱ «ዝም በል»፣ ሌላው «በሥዕል ሸፍን» ማለት ነው። ዝም በል ያልነውን ፕሮግራም ምነው ችግሩን አልነገርከኝም ብሎ መውቀስ አይገባም፤ ሁለቱም ይጥፉ። በቦታቸው ክፍተት ትቶ ኖሞድሴት ይጻፍና ኤፍ 10 ይጫን። አሁን ከርነሉ የሚሠራውን ሁሉ በመስመር በመስመር እየተናገረ ይነሣል። ቢቆም እንኳ የቆመበት መስመር ይታያል። ያንን መስመር በወረቀት መገልበጥ ግማሽ ጥገና ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥሩነት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ለውጡ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ጀማሪ ተማሪም ቢሞክረው አያሰጋም። ከሠራ በኋላ በዴቢያንና በሉቡንቱ ዘላቂ የሚሆነው «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ በ«ዲፎልት» ሥር ያለው የግሩብ ፋይል ላይ ተጽፎ «አፕዴት-ግሩብ» የሚለው ትእዛዝ በ«ሱዱ» ሲሰጥ ነው። ሆኖም ኖሞድሴት ምርኩዝ እንጂ እግር አይደለም። ምስሉ ይሰፋል፣ ቪዲዮም ይጎተታል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ትምህርት ግን ይበቃል ባይ ነን።

አንዳንዴ ደግሞ የበለጠ የሚያስቅ ነገር ያጋጥማል። አንዳንድ የኢንቴል ማዘርቦርዶች የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሆነው ሳለ የላፕቶፕ ስክሪን የተገጠመላቸው ይመስላቸዋል። ከርነሉም ዴስክቶፑን አሳምሮ ይሠራና ለዚያ ለሌለው ስክሪን ይልከዋል! እንዲህ ሲሆን በዚያው መስመር ላይ ቪዲዮ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ የእኩል ምልክት፣ በትልልቅ ፊደል ኤል ቪ ዲ ኤስ፣ ሰረዝ፣ 1፣ ሁለት ነጥብ፣ ትንሿ ዲ ሳይለያዩ ተያይዘው ቢጻፉ የሌለው ስክሪን ይዘጋል።

የመብራት ነገርም አለ። ኮረንቲ በድንገት ሲሄድ በዲስኩ ላይ ያለው የፋይል አሠራር ሳይዘጋ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሊኑክስ መጀመሪያ ዲስኩን ይመረምራል። ምርመራው ከሥዕሉ ጀርባ ስለሚካሄድ ጥቁር ሆኖ የቆየ ይመስላል። ትዕግሥት ነው። «ኤስኬፕ» ሲጫን መልእክቱ ብቅ ይላል። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ጽፎ ቁጭ ካለ ደግሞ እርዳታ እየጠየቀ ነው። ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ ተብሎ ይጻፍና ከላይ በመልእክቱ የተጠቀሰው የዲስክ ክፍል ስም ይከተል፤ ለሚጠይቀው ጥያቄ «ዋይ» ማለት ነው። ይህ ዲስኩ በአካል የታመመ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የመጨረሻው ተቀባይ ዴስክቶፑ ነው። መስመሮቹ ሁሉ አልፈው መጨረሻ ላይ ከጨለመ «ኮንትሮል»ና «ኦልት» ተይዘው ኤፍ 2 ይጫን። የመግቢያ ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ገብቶ ዲኤፍ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤች ብሎ መጻፍ የዲስኩን ሙላት ያሳያል። 100 በመቶ የሞላ ዲስክ ዴስክቶፕን አላስነሣም ሊል ይችላል፤ ፋይል ቀነስ ሲደረግለት ይነሣል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ደስ አይለንም። በሰበታ ከተማችን የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገ በየክፍላችን ዓይነ ሥውራን ተማሪዎችም ይጠብቁናል። ለነሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ ነጭ ልዩነት የለውም፤ ለነሱ ጨለማ የሚባለው የድምፁ መጥፋት ነው። በሊኑክስ ላይ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላቸው ኦርካ የተባለው ፕሮግራም ነው። እንደ ማቴ ባለ ዴስክቶፕ ላይ «ኦልት»ን፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና የኤስ ፊደልን አንድ ላይ በመጫን ይነሣል። ከሥሩ ሆኖ የሚናገረው ኢስፒክ ኤንጂ የአማርኛ ድምፅም አለው፤ አነጋገሩ ደረቅ ነው፣ ግን ይሰማል።

የዴቢያን ማስገቢያማ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ፍላሹ ሲነሣ ዝርዝሩ መድረሱን በጢጥ ድምፅ ያስታውቃል፤ በአሮጌው ባዮስ አንዴ፣ በዩኢኤፍአይ ሁለቴ። ያን ጊዜ የኤስ ፊደልና «ኢንተር» ከተጫኑ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ሁሉ እያነበበ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የቋንቋ ምርጫ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ነው። ስክሪኑ የተሰበረ ኮምፒዩተር ሳይቀር በዚህ መንገድ ሊኑክስ ይጫንበታል። የሚያስፈልገው ከማሽኑ ጀርባ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው።