የድንጋዩ መጽሐፍና አንባቢው
ስለ ኮንክ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፥ የሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፥ ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው ያለ ኀፍረት መለሰለት። ይህ ሰው ፊደል አላጣም፤ መጽሐፍም አላጣም፤ ያጣው የሚነግረውን ነበር። ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት ከአገር ወደ አገር የሚጓዘው የዛሬው ሕዝብም እንዲሁ ነው። ዐይን አለው፤ ሕንፃውም በፊቱ ቆሟል፤ ነገር ግን የሚመራው ካላገኘ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል።

ይህን ለማስረዳት አንዲት ቤተ ክርስቲያን መርጠናል። በደቡብ ፈረንሳይ በተራሮች መካከል ኮንክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ በመንደሪቱም ውስጥ በቅድስት ፏ ስም የታነጸች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ሥራዋ የተጀመረው በ11ኛው መቶ ዓመት ሲሆን እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ቀጥሏል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የዚያን ዘመን የሕንፃ አሠራር ሊቃውንት «ሮማኔስክ» ይሉታል፤ የጥንት ሮማውያንን ክብ ቅስትና ወፍራም ግንብ ስለሚከተል ነው። በዚህ አሠራር የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት ከእስጳንያ እስከ ጀርመን ስለሚገኙ፥ በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከልጆቻቸው ጋር በደጃፋቸው ያልፋሉ። ልጁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትና እናት የሚመልሱት እንዳያጡ እንሻለን።

ጐብኚ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ለምን ተሠራ?» ብሎ ነው። ቅድስት ፏ፥ ስሟ በአገሩ ቋንቋ «እምነት» ማለት ነው፥ በአዣን ከተማ በ303 ዓ.ም. ገደማ በሰማዕትነት እንዳረፈች የሚነገርላት የ12 ዓመት ያህል ብላቴና ናት። በ866 ዓ.ም. ገደማ አንድ የኮንክ መነኵሴ ዐፅሟን ከአዣን በስውር ወስዶ ወደ ገዳሙ አመጣው፤ የገዳሙም ታሪክ ራሱ ስርቆት መሆኑን አይሸሽግም። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ለመሳለም ይጐርፍ ጀመር፤ በእስጳንያ ወዳለው ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር የሚሄዱትም በዚያ ያልፉ ነበር። ስለዚህ ሕንፃው ለተጓዦች እንዲስማማ ሆኖ ታነጸ። ሕዝቡ በአንዱ ወገን ገብቶ፥ ዐፅሙን ተሳልሞ፥ መነኮሳቱን ከጸሎታቸው ሳያውክ በሌላው ወገን እንዲወጣ በመቅደሱ ዙሪያ መተላለፊያ ተሠራለት። የእኛን ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው መቅደስን መዞር ምን እንደ ሆነ ያውቃልና፥ ይህ አይሰወርበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንዴት ቆመ?» የሚለው ነው። የኮንክ ቤተ ክርስቲያን ጣራ እንደ በርሜል ጀርባ የቀሰተ ድንጋይ ሲሆን፥ ከወለሉ 22 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ከባድ ቅስት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጐንም ይገፋል። ይህን ለልጆች ለማሳየት ብዙ ድካም አያስፈልግም። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው መዳፍ ለመዳፍ ተገፋፍተው ይደጋገፉ፤ እግራቸው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይሰማቸዋል፤ ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ልጆች እግራቸውን ቢደግፉላቸው ግን ጸንተው ይቆማሉ። በኮንክም ግድግዳው የወፈረው፥ መስኮቶቹም የጠበቡት ስለዚሁ ነው፤ ከላይ በሁለቱ ጐን የተሠሩት የፎቅ መተላለፊያዎችም እንደ ደጋፊዎቹ ልጆች ሆነው የጣራውን ግፊት ይቀበላሉ። ይህን የተረዳ ሰው ሕንፃውን «ከባድና ጨለማ ነው» ብሎ አይነቅፍም፤ ያለ ብረትና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይን በአየር ላይ ያቆሙትን ያደንቃል እንጂ።

ሦስተኛውና የሚበልጠው ጥያቄ «ምን ይናገራል?» የሚለው ነው። በምዕራቡ በር ላይ፥ ከጉበኑ በላይ፥ ግማሽ ክብ የሆነ የድንጋይ ገጽ አለ፤ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ 124 ምስሎች ተቀርጸውበታል፤ የቀድሞው ቀለም ርዝራዥም እስከ ዛሬ ይታያል። ነገሩ የመጨረሻው ፍርድ ነው። ንባቡ የሚጀመረው ከመካከል፥ በዙፋኑ ከተቀመጠው ከክርስቶስ ነው። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፤ ግራውን ወደ ታች አውርዷል። በቀኙ እመቤታችንና መክፈቻ የያዘው ቅዱስ ጴጥሮስ እየመሩ ጻድቃን ይመጣሉ። በሰልፉ ውስጥ ዘውድ የደፋ አንድ ንጉሥ አለ፤ ታላቁ ካርሎስ ነው ይሉታል። ይሁን እንጂ በኵራት አይራመድም፤ አንድ አበ ምኔት እንደ ሕፃን እጁን ይዞ ይመራዋል።

ከክርስቶስ እግር በታች መልአኩ ሚካኤልና ዲያብሎስ በነፍሳት ሚዛን ፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ ዲያብሎስም ሚዛኑን ለማዛባት በጣቱ ይጫናል። በግራው ወገን ሲኦል ነው። በዚያ ከፈረሱ የተወረወረ ትዕቢተኛ፥ ከረጢቱን ባንገቱ አንጠልጥሎ የተሰቀለ ገንዘብ ወዳድ፥ ዘውዱ ያላዳነው ንጉሥ ይታያሉ። መነኮሳቱም ራሳቸውን አልማሩም፤ ክፉ ካህናት በመረብ ተይዘው ተቀርጸዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህን ያሠሩት መነኮሳት ናቸው፤ ያሠሩትም በገዛ በራቸው ላይ ነው። ሌላውን ከመክሰሳቸው በፊት ራሳቸውን ከሰሱ። ይህን የሚነግረው ያላገኘ ጐብኚ ግን የሚያስፈራ ሥዕል አይቶ ያልፋል።

አንዲት ትንሽ ምስልም ከዐይን እንዳታመልጥ። በጻድቃን ወገን ቅድስት ፏ በግንባሯ ተደፍታ ትለምናለች፤ የእግዚአብሔርም እጅ ከደመና ወደ እርሷ ተዘርግቷል። ከኋላዋ ባሉት ቅስቶች ሥር የእግር ብረት ተሰቅሏል። በጸሎቷ ከእስር የተፈቱ ሰዎች ሰንሰለታቸውን ወደ ኮንክ ያመጡ ነበርና፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው የብረት አጥርም ከዚያ ሰንሰለት ተቀጥቅጦ እንደ ተሠራ ይተረካል። ፍርድ ከነገሠበት ገጽ ላይ የምሕረት ተስፋ እንዲህ በጥቂት ድንጋይ ተጽፏል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል እንጂ በጣዖት መልክ በቆመ ሐውልት ስለማትጠቀም፥ አንባቢ በኮንክ የተቀመጠውን 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የቅድስቲቱን የወርቅ ምስል ሲያይ ልቡ ሊያመነታ ይችላል። በርናር ዘአንዤ የተባለው መምህር በ1013 ዓ.ም. ወደ ኮንክ በመጣ ጊዜ እርሱም እንዲሁ አመንትቶ፥ ምስሉን ከአረማውያን ጣዖት ጋር አስተያይቶት ነበር። ቈይቶ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ የቅድስቲቱንም ተአምር በመጽሐፍ ጻፈ። አንባቢ ፍርዱን ይከተል ብለን አንጠቅሰውም፤ ከመፍረድ በፊት መጠየቅና ማዳመጥ እንደሚገባ ግን ያስተምረናል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የቆመችው በዋዛ አይደለም። በ1789 ዓ.ም. በፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ የብዙ አድባራት ንዋየ ቅድሳት ሲቀልጥ፥ የኮንክ ሰዎች ንዋያቸውን በየቤታቸው ሸሽገው፥ ክፉው ቀን ሲያልፍ መልሰው አስረከቡ። በ1837 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት የሐውልቶች ተቈጣጣሪ የነበረው ደራሲ ፕሮስፔር ሜሪሜ መጥቶ ሕንፃው ወደ መፍረስ እንደ ደረሰ አየ፤ እንዲታደስም አሳሰበ። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ሠዓሊው ፒየር ሱላዥ ለ104ቱ መስኮቶች ቀለም የሌለው፥ ብርሃንን የሚያለዝብ መስታወት አዘጋጀላቸው። በ1998 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ከያዕቆብ መንገዶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች።

ድንጋዩን እንግዲህ ባለሙያዎች ጠገኑት። ትርጉሙ ሲፈርስ ግን ማን ይጠግነዋል? ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ በኮንክ የሚያገለግሉት መነኮሳት ለዚህ መልስ አላቸው። በጐብኚዎች ወራት፥ ከምሽት ጸሎት በኋላ፥ ከመካከላቸው አንዱ በበሩ ፊት ቆሞ የተቀረጸውን በየተራ እያመለከተ ለእንግዶቹ ያስረዳል። ያመነውም ያላመነውም ቆሞ ይሰማል፤ የፊልጶስ ሥራ ይህ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ወደ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ስትወስዱ፥ በኮንክም ይሁን በላሊበላ ወይም በደብራችሁ፥ አትቸኵሉ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት በበሩ ፊት ጥቂት ዝም ብላችሁ ቁሙ። ለምን ተሠራ፥ እንዴት ቆመ፥ ምን ይናገራል ብላችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ። የማታውቁትን ከካህኑ ወይም ከሽማግሌው ጠይቃችሁ ለልጁ ንገሩት። ሁሉን በአንድ ቀን ማሳየት አያስፈልግም፤ ያቺን የእግር ብረት ብቻ አይቶ፥ ምን ማለት እንደ ሆነች አውቆ የተመለሰ ልጅ፥ ሁሉን አይቶ ምንም ካላስተዋለው ይልቅ ባለጸጋ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል።