3 ሚሊሜትር እና 5 ሴንቲሜትር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2021 ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ካማላ ሃሪስ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለ85 ደቂቃ ተረክበው ነበር። ጆ ባይደን በዋልተር ሪድ ሆስፒታል ማደንዘዣ ወስደው ትልቁ አንጀታቸው በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ይታይ ነበርና። 3 ሚሊሜትር የምታህል ፖሊፕ፣ በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የምትበቅል እብጠት፣ ተገኘች፤ እዚያው ተነሳች። የላቦራቶሪው መልስ «አዴኖማ» አለ፤ ካንሰር አይደለም፣ ጊዜ ካገኘ ግን ወደዚያ ሊያመራ ይችላል። የሐኪሙ ምክር ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገም የሚል ብቻ ነበር።

ከማደንዘዣው በቅጡ ያልነቃ ተራ ሰው «ፖሊፕ አግኝተን አንስተናል፤ ናሙናው ተልኳል» ሲባል በቀላሉ አይረጋጋም። ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት «ቅድመ ካንሰር» የሚል ያነባል፤ እንቅልፍ የለም። በምርመራው ዋዜማ ከጠጣው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይልቅ ውጤት የሚጠብቅባቸው ቀናት ይመራሉ።

ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚጀምረው ከፖሊፕ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር ሳይሆን ይቀራል። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች ቢያንስ አንዱ አዴኖማ ይኖርበታል። የሚለወጠውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሃይፐርፕላስቲክ የሚባሉት፣ በአንጀቱ መጨረሻ አካባቢ የሚገኙት ጥቃቅኖች፣ እምብዛም አያሰጉም።

ሲነሳም አያምም፤ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን መቆረጥን አይሰማም። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ የሽቦ ሸምቀቆ ፖሊፑን ከሥሩ ይዞ ይቆርጠዋል። ይህን ዘዴ በ1969 በኒውዮርክ የጀመሩት ሂሮሚ ሺንያ እና ዊልያም ዎልፍ ናቸው። ከዚያ በፊት ከፍ ብሎ የበቀለን ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መክፈት ግድ ነበር።

የሌላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ የሮናልድ ሬገን፣ ታሪክ ግን ይለያል። በጁላይ 1985 ቀደም ሲል የታየች ትንሽ ፖሊፕ ሊያስነሱ ቤተዝዳ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሄዱ። ካሜራው እስከ አንጀቱ መነሻ ሲዘልቅ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሌላ ተገኘ። በማግስቱ 60 ሴንቲሜትር ያህል አንጀታቸው ተቆርጦ ወጣ፤ በውስጡም ካንሰር ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድማቸው ኒልም በዚሁ በሽታ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ሬገን እስከ 2004 ኖረው በ93 ዓመታቸው ሲያርፉ ምክንያቱ ሌላ ነበር።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጭንቀት ጥያቄ የሚያስጠይቀው ነው፦ ስንት ነበሩ? ትልቁ ምን ያህላል? ዓይነቱስ? የ2020 የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት አዴኖማዎች ለተነሱለት ሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ይሰጠዋል። 10 ሚሊሜትር የሞላ ወይም ቪለስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቀጠሮው ወደ 3 ዓመት ይጠጋል። አንጀቱ በደንብ ሳይጸዳ የተደረገ ምርመራ ግን ቶሎ መደገም አለበት፤ ይህንንም መጠየቅ ነውር የለውም። አሜሪካ ለሚኖሩ የመደበኛው ምርመራ መነሻ ዕድሜ ከ2021 ጀምሮ 45 ሆኗል፤ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ ከዚያም ቀደም ይላል።

እኛ ዘንድ በሰገራው ደም ያየ ሰው «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ነገር ግን ፖሊፕ ከተነሳ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ቁስሉ ሊደማ ይችላል። ብዙ ደም ከታየ ወይም ሆድን አጥብቆ ካመመ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።