የግንቡ ዱካ

የሁለት ገበሬ ማሳ ድንበር በድንጋይ ይታወቃል። ከተማን ለሁለት የከፈለ ድንበርስ በምን ይታወቃል?

በርሊን የጀርመን አገር ዋና ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ አገሮች ተካፈሏት። ኋላም ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ከምሥራቁ ወደ ምዕራቡ የሚሄደው ሰው በዛ። ይህን ለማስቆም የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. ድንበሩን ዘጋ። መጀመሪያ እሾሃም ሽቦ ተዘረጋ፤ ቀጥሎ ግንብ ቆመ።

በርናወር በሚባለው መንገድ፣ በአንድ ወገን ያሉት ቤቶች በምሥራቅ፣ ደጃፋቸው ግን በምዕራብ ነበር። ሰዎች በመስኮት እየዘለሉ አመለጡ። ስለዚህ መስኮቶቹ በጡብ ተደፈኑ፤ ኋላም ቤቶቹ ፈረሱ። ከግንቡ በስተጀርባ አሸዋ ተነጠፈ። ለምን? የሚያመልጥ ሰው ዱካው እንዲታይ ነው። በግንቡ ምክንያት ቢያንስ 140 ሰዎች ሞተዋል።

የግንቡ መሻገሪያ በሮች ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከዚያም ግንቡ ፈረሰ። ዛሬ በከተማይቱ መካከል የሚሄድ ሰው አስፋልቱ ላይ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ያያል። ግንቡ ቆሞበት የነበረው መሥመር ነው። አሁን መኪናውም እግረኛውም ያለ ከልካይ ይሻገረዋል።

በበርናወር መንገድ፣ ድንበሩ ውስጥ ተዘግቶበት የቀረ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1977 ዓ.ም. በፈንጂ ፈረሰ። በ1993 ዓ.ም. በቦታው ትንሽ ጸሎት ቤት ተሠራ፤ ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው። አጠገቡ እህል ይዘራል። የሰው ዱካ ይፈለግበት የነበረው መሬት ዛሬ ይታረሳል፤ ይታጨዳልም።