ካርቡሬተር ማጥበቅ ቤንዚን አይቆጥብም

በጁባ ካስተም ገበያ ዙሪያ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ነጂ ሞተሩ ቤንዚን እንደሚበላ ካማረረ መልሱ ወዲያው ይመጣለታል፦ «ካርቡሬተሩን አስጠብቀው»። መካኒኩ ካቻቢቴውን ያወጣል፣ አንዲት ትንሽ ብሎን ግማሽ ዙር ያዞራል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ብሎኗ ካልበቃች ቤንዚን የሚያልፍበትን ዋናውን ጂግለር አውጥቶ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ይተካበታል፤ ወይም የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ያደርገዋል። ሞተሩ ለጥቂት ቀናት ደህና የሚሠራ ይመስላል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ይጀምራል፣ ሁለት ሰውና አንድ ከረጢት ሲጭኑበት ይደክማል፣ ጋዝ ሲለቀቅ በማርሚታው በኩል ይተኩሳል። ጂግለሩ ጠቦ ከሆነ ደግሞ ቆይቶ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ወይም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ይቆማል። ሞተሩ ወርዶ፣ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ገብቶ፣ ፒስተንና ፋሻ ሲቀየር የሚወጣው ገንዘብ ተቆጠበ ከተባለው ቤንዚን ጋር አይነጻጸርም። ነጂው ግን ጥፋቱን በህንድ ወይም በቻይና ዕቃ ላይ ይደፋዋል እንጂ ያቺን ግማሽ ዙር አያስታውሳትም።

ማጥበቅ ይቆጥባል የሚለው እምነት ከባዶ የተነሳ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጇን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን ትልካለች፤ የምትጠቀምበትን ቤንዚን ግን በአብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ በኬንያና በኡጋንዳ አቋርጦ በኒሙሌ ድንበር በኩል በቦቴ ታስገባለች። መንገዱ ሲታወክ ወይም ዶላር ሲጠፋ ቤንዚኑ ከማደያ ይጠፋና በውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ዋጋውም በአንድ ሌሊት ይንራል። እንዲህ ባለ ከተማ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ለእያንዳንዷ ጠብታ ቢሳሳ ማንም አይፈርድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ረቀቅ ያለ ነው፤ ሙያውን ከደጋው አገር ይዞ ወደ ጁባ የወረደውን ሐበሻ በተለይ ይመለከታል። ካርቡሬተር አየርን በክብደት አይመዝንም። አየር በጉሮሮው ሲያልፍ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ቤንዚን ያወጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በደሴ የሠራ መካኒክ ቤንዚን ሲቀንስ ሞተሩ ሲነቃ፣ ፍጆታውም ሲወርድ በዓይኑ አይቷል። እዚያ ያደረገው ትክክል ነበር። ችግሩ ጁባ 550 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗ ነው። ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም የጁባ አየር ከአዲስ አበባው 15 በመቶ ያህል ይከብዳል። ድብልቁ የሚለወጠው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረ ካርቡሬተር ማንም ሳይነካው ጁባ ላይ ወደ 7 በመቶ ገደማ ቤንዚን ያንሰዋል። በሞምባሳ በኩል የገባ አዲስ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ደግሞ ከፋብሪካው የተቀናበረው ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ደጋ ስላልወጣ የሚቀነስለት ትርፍ ቤንዚን የለውም። ለጋምቤላና ለሰመራም ነገሩ ይኸው ነው።

ቁጥሩን ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሳይተርፍና ሳይጎድል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው አየሩ ከዚህ ቀነስ ሲል፣ 12.5 እስከ 13 ላይ ሲሆን ነው፤ በቀላል ጭነት ሲጋለብ ትንሹን ቤንዚን የሚበላው ደግሞ 15.5 አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ድብልቁ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም እሳቱን ይስታል። ጉልበት ሲያጣ ነጂው ሳያውቀው ጋዙን አብዝቶ ይከፍታል፣ ማርሹንም ዝቅ ያደርጋል፤ የተቀነሰው ቤንዚን በእጁ ተመልሶ ይገባል። የሚቆጥበው ቦታ ጠባብ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አሁን ብሎኗን ራሷን እንያት። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን በአንድ በር ብቻ አይገባም። ብሎኗ የምታዘው ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሲሆንና ጋዙ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ ሲከፈት የሚገባውን ነው፤ ያም ቢሆን ወደ መጨረሻው ሥልጣኗ ይደክማል። ከአንድ አራተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ያለው የመርፌው ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው የዋናው ጂግለር። ተሳፋሪ ጭኖ አስፋልት ላይ የሚበር ቦዳ ቦዳ ቤንዚኑን በአብዛኛው የሚያገኘው በመርፌው ነው። ስለዚህ ብሎኗን ያዞረ ሰው ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በሚጨርስበት ሰዓት ላይ ምንም አልለወጠም፤ ያበላሸው የጠዋት አነሳሱንና የሚኒሞ አሠራሩን ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ብሎኗ ያለችው በሞተሩ በኩል ከሆነ የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፣ ስትጠብቅ ድብልቁ ይሳሳል። በዲፕራተሩ (በአየር ማጣሪያው) በኩል ከሆነ ግን የምትቆጣጠረው አየር ነው፣ ስትጠብቅ አየሩን ዘግታ ቤንዚኑን ታበዛዋለች። ብሎኗ በየትኛው በኩል እንዳለች ሳያይ «አጠበቅኩልህ» ብሎ ሒሳብ የሚቀበል መካኒክ ተቃራኒውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ያንን እንኳ ያላደረገ ሰው የሌላውን እንጀራ ባይነካ ይሻላል።

«እኔ ግን ካስጠበቅኩ በኋላ ቀንሶልኛል» የሚል ነጂ ብዙ ነው፤ ሐሰት ተናገረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን መካኒኩ በዚያው ቀን ሌላ ምን እንዳደረገ ይጠየቅ። ካርቡሬተሩን ፈቶ አጥቧል፣ ዲፕራተሩን አራግፏል፣ ካንዴላውን ጠርጓል፣ ምናልባት ላልቶ የነበረውን ሰንሰለት ወጥሯል፣ የሚጎትተውን ፍሬን ለቅቋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ፍጆታ ሊቀንስ ይችላል፤ ምስጋናውን ግን ብሎኗ ትወስዳለች። ልኬቱም ራሱ አያስተማምንም። በጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ዛሬ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ነገ እስከ ትከሻው ነው። ነጂው የሚቆጥረው በቀን ያወጣውን ገንዘብ እንጂ የሄደውን ኪሎ ሜትር ስላልሆነ ሥራ የቀዘቀዘበት ሳምንት የቁጠባ ሳምንት መስሎ ይታየዋል።

ቤንዚን የሚቀነስለት ሞተር ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። የተንሳፋፊው ቫልቭ በቆሻሻ ሳይዘጋ ሲቀር ወይም የካርቡሬተሩ ቋት ከልኩ በላይ ሲሞላ፣ የጠዋቱ ቾክ ሳይመለስ ሲውል፣ መርፌውና ማስገቢያው ተበልተው ሲላሉ ሞተር በእርግጥ ያበዛል። ሌላው ምክንያት በየጋራዡ የሚደረግ ነው፦ የተደፈነን ጂግለር በብረት ሽቦ መውጋት። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጂግለር በሽቦ ተፍቆ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ የሚያሳልፈው ስፋት በ10 በመቶ ይጨምራል፤ በዓይን ግን ልዩነቱ አይታይም። ከዚያ ያው መካኒክ «ቤንዚን ያበዛል» ብሎ ብሎኗን ያጠብቃል። ጂግለር የሚጸዳው በማጠቢያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ነው፤ አንዴ ከተወጋ መድኃኒቱ መቀየር ብቻ ነው። መንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውሃና አሸዋ ስለሚይዝ፣ ውሃውም ከቤንዚን ስለሚከብድ ቋቱ ግርጌ ተኝቶ የሚኒሞውን ጂግለር ይደፍናል። ስለዚህ ጁባ ላይ ከማንኛውም ብሎን በፊት የቋቱን ማፍሰሻ ከፍቶ የሚወጣውን ማየት ይቀድማል።

ሞተሩ እንዴት እንደሚቃጠል በሚነገረው ላይም ማጋነን አለ። ሚኒሞው ላይ ቤንዚን ማነሱ ብቻውን ፒስተን አያቀልጥም፤ ያስቸግራል እንጂ። አደጋው ዋናው ጂግለር ሲጠብ ወይም መርፌው ሲወርድ ነው። በሙሉ ጭነት ጊዜ ትርፍ ሆኖ የሚገባው ቤንዚን ሲተን ከቃጠሎው ክፍል ሙቀት ይወስዳል። እሱ ሲቀር ቃጠሎው ይዘገይና እሳቱ ቫልቩ ሲከፈት ገና እየነደደ ይወጣል፣ የቫልቩንም ጠርዝ ይበላል። እንደ ቦክሰር ያለ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ሙቀት 38 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ትርፉን ሙቀት የሚጥልበት ቦታ የለውም። ይህን እያወቁ «እኔ ጋ ይምጣ፣ ግማሽ ቤንዚን አስቀርለታለሁ» የሚሉ መካኒኮችና ይህንኑ በስልክ ቪዲዮ የሚነዙ ሰዎች የሚነግዱት በድሃ ሰው ሞተር ነው። ግማሽ የሚባል ቁጠባ በጤነኛ ሞተር ላይ ከየትም አይመጣም።

ሌሎቹ እምነቶች ይህን ያህል ቦታ አይፈልጉም። ዲፕራተር አውጥቶ መንዳት አየር አይጨምርም፣ አቧራ ይጨምራል፤ ጁባ ውስጥ ከአስፋልት የወጣ መንገድ ሁሉ አቧራ ስለሆነ ፋሻውና ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃሉ። የማርሚታውን ውስጥ ማውጣት ድምፅ ያበዛል እንጂ ቁጠባ የለውም፤ ድብልቁን ደግሞ ይበልጥ ያሳሳል። ቤንዚን ላይ ላምባ መቀላቀል ሞተሩን ያንኳኳል፣ ሳይቃጠል የቀረውም ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የካንዴላ ጥቁረት ሁልጊዜ ቤንዚን በዛ ማለት አይደለም፤ ቆሞ ብዙ የሠራ ሞተር ካንዴላ ይጠቁራል፣ ዘይት የሚያልፍበትም እንዲሁ። ካንዴላ የሚነበበው ሞተሩ ጭኖ ከተጋለበ በኋላ ወዲያው ሲጠፋ ነው።

በኢንጀክሽን የሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ያሏቸው፣ በተለይ ውጭ አገር ሃርሊ የሚነዱ ወገኖቻችን፣ ሌላ ዓይነት ወሬ ይሰማሉ፦ ይህን የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ግጠም፣ ጉልበትም ቁጠባም ታገኛለህ። ሃርሊ ኢንጀክሽን የጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከ2007 ጀምሮ ስፖርትስተሩም ካርቡሬተሩን ትቷል። እነዚህ ሞተሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት ራሳቸው ስለሚለኩ ከፍታውን ያስተካክላሉ፤ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ያላቸውም በቀላል ጭነት ድብልቁን ራሳቸው 14.7 አካባቢ ይጠብቁታል። ማርሚታና ዲፕራተር ለቀየረ ሰው በዳይኖ (በጉልበት መለኪያ) ላይ የሚስተካከል መሣሪያ ይጠቅመዋል። የሙቀት መለኪያውን የምታታልል ርካሽ ሬዚስተር ግን ቤንዚን ከመጨመር ሌላ ሥራ የላትም።

ሞተሩን ቀድሞ ያስጠበቀ ነጂ መመለሻው ቀላል ነው። ጂግለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአምራቹ መሆኑ ይታይ፣ የመርፌው ክሊፕ ወደ ፋብሪካው እርከን ይመለስ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ብሎኗ ሳትጨነቅ እስከ መጨረሻው ትግባና አንድ ተኩል ዙር ያህል ትውጣ፤ ከዚያ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ሳይንገዳገድ የሚሠራበት ቦታ ቀስ እያሉ ይፈለጋል፣ በመጨረሻም ሚኒሞው በራሱ ብሎን ዝቅ ይደረጋል። ፍጆታውን ለማወቅ ታንከሩ ከማደያ ፓምፕ እስከ አፉ ይሞላ፣ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር በተለመደው ሥራ ይጋለብ፣ እዚያው ማደያ እዚያው ልክ ድረስ እንደገና ይሞላ፤ ኪሎ ሜትሩ በገባው ሊትር ይካፈል። ይህ ከመደረጉ በፊት አንድ ሞተር ቤንዚን ያበዛል ወይም ያንሰዋል ብሎ በርቀት መፍረድ አይቻልም።