ሚኒስትር እንዴት ይጠየቃል?

በሕገ መንግሥታችን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ የሚገባውን ክብር አላገኘም የምለው አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17ን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ሊጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር ሊመረምር እንደሚችል የሚደነግገው እሱ ነው። ሰው ስለ ፓርላማ ሲያወራ ሕግ ማውጣትን ያስቀድማል። አብዛኛው ረቂቅ ሕግ ግን ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንድ የምክር ቤት አባል ከራሱ አእምሮና ከመራጩ ችግር አውጥቶ የሚያቀርበው ሥራ ጥያቄ ነው።

መሠረታዊው ነገር በአጭሩ ይኸው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ ሲኖረው አባላቱ ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ። የሥራ ዘመኑ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ስብሰባው ለሕዝብ ግልጽ ነው። ሚኒስትሮች ሪፖርታቸውን ለቋሚ ኮሚቴዎች ያቀርባሉ፤ ኮሚቴዎቹ የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ፣ ግብረ መልስ ይሰጣሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለጉባኤው ይቀርባሉ፤ አንደኛው በፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግር ላይ የድጋፍ ሞሽን ሲቀርብ ነው። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ክልል ምክር ቤት የቢሮ ኃላፊዎችን፣ እዚህ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ የሚሰበሰበው የወረዳ ምክር ቤት ደግሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን በየደረጃቸው ይጠይቃሉ።

የምናገርበት ጉዳይ የጥያቄው አሠራር ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ የቀረቡ ቀን የመሐል ሜዳ ሻይ ቤቶች ይሞላሉ። ብርዱን ሽሽት የገባውም፣ ለገበያ በግ ነድቶ የመጣውም ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ይተክላል። አንድ አባል ተነስቶ ረጅም መግቢያ ሲያደርግ፣ ድምፁንም ከፍ ሲያደርግ፣ «አፋጠጠው!» ይባላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ወኪሉ የልቡን ሲናገርለት ደስ የማይለው ሰው የለም። ነገር ግን ደፋር ጥያቄ ማለት ረጅምና ቁጣ ያለበት ጥያቄ ነው የሚለው እምነት፣ ስለዚህ ሥራ ካሉት የተሳሳቱ ግምቶች ሁሉ የበለጠ የሚጎዳን ነው። ሰፊ ጥያቄ ለተጠያቂው ሰፊ በር ይከፍትለታል። «የኑሮ ውድነቱን ለመቅረፍ ምን እየተሠራ ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር ስለ ስንዴ ልማት፣ ስለ ዓለም ገበያ፣ ስለ ቀጣዩ ዓመት ዕቅድ አንድ ሰዓት ሊናገር ይችላል፤ የተናገረውም ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ጠያቂው ግን አንዳች የሚይዘው ነገር ሳይኖረው ይቀመጣል።

ጠባብ ጥያቄ ይለያል። በእንግሊዝ ፓርላማ ታሪክ ለመንግሥት የቀረበ የመጀመሪያው ጥያቄ ተብሎ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. በ1721 በላይኛው ምክር ቤት ሎርድ ካውፐር ያነሱት ነው። ሳውዝ ሲ የተባለው ኩባንያ አክሲዮን ወድቆ ብዙ ሰው ከከሰረ በኋላ፣ የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ከአገር ኮብልሎ ነበር። ሎርዱ ስለ ውድቀቱ መንስኤ ዲስኩር አላሰሙም። ሰውየው ብራስልስ ላይ ተይዟል የሚባለው ወሬ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ በቃ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። አዎ ከተባለ ደግሞ «መቼ ይመጣል?» የሚለው ወዲያው ይከተላል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ምሳሌ ግን የሕንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መጨረሻ ፌሮዝ ጋንዲ የተባሉት የምክር ቤት አባል፣ የመንግሥት የሆነው የሕይወት መድን ኮርፖሬሽን ሙንድራ ከተባለ ነጋዴ ኩባንያዎች ከ12 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የሚያወጣ አክሲዮን ስለገዛበት ሁኔታ አነሱ። ምን ያህል ተገዛ፣ በምን ዋጋ፣ ማን ወሰነ የሚል ነበር የነገሩ ጭብጥ። በአጣሪ ኮሚሽን በአደባባይ ተመረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቲ. ቲ. ክሪሽናማቻሪ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፌሮዝ ጋንዲ የገዢው የኮንግረስ ፓርቲ አባል ነበሩ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩም አማች። መንግሥት የሚጠየቀው በተቃዋሚ ብቻ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ከተመረጡት 547 አባላት መካከል የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪል አንድ ሰው ብቻ፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ አንድም የተቃዋሚ አባል አልገባም። ከ2013ቱ ምርጫ ወዲህ ጥቂት የተቃዋሚ አባላት ቢኖሩም አብላጫው የገዢው ፓርቲ ነው። ስለዚህ አራት ኪሎ ባለው የፓርላማ አዳራሽ ጥያቄ ይኑር ከተባለ ከገዢው ፓርቲ አባላት አፍም መውጣት አለበት። ሕገ መንግሥቱ አባሉ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፤ በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየትም አይከሰስም። ይህን ጥበቃ ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት መታሰራቸውን ያስታውስ። ጠያቂ ካልተጠበቀ ጥያቄ አይኖርም።

አሁን ወደ አካሄዱ። በእኛ ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲቀርቡ አባላት በየተራ ይነሳሉ፤ አንዱ ስለ ሰላም፣ አንዱ ስለ ሥራ አጥነት፣ አንዱ ስለ መንገድ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ደግሞ ሦስትና አራት ሌላ ጥያቄ አለ። ሁሉም ተጠይቆ ሲያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድነት ለሰዓታት ይመልሳሉ። ጨዋነት ያለው አቀራረብ ነው፣ ጊዜም ይቆጥባል። ችግሩ የትኛው ጥያቄ ቀድሞ፣ የትኛው በስፋት፣ የትኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚመለስ የሚወስነው ተጠያቂው መሆኑ ነው። ሳይነካ የታለፈ ጥያቄ ቢኖር ጠያቂው እንደገና ተነስቶ «የእኔ አልተመለሰም» የሚልበት ተራ ብዙውን ጊዜ አያገኝም።

እንግሊዞች ይህን በተከታይ ጥያቄ ፈትተውታል። ረቡዕ ረቡዕ ቀትር ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጠየቃሉ፤ የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱንም የቀደመውን መልስ ሰምቶ ይሰነዝራል። ከዚህም ውስጥ የምትገርመኝ አንዲት ብልኃት አለች። አባሉ አስቀድሞ የሚያስመዘግበው ጥያቄ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዛሬ ፕሮግራማቸው ምንድን ነው?» የሚል ተራ ነገር ነው። የሚፈልገው ግን ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ተከታዩ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ሊሆን ስለሚችል ተጠያቂው አስቀድሞ አያውቀውም።

እኛስ እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረንም? ነበረን እንጂ። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ተጠየቅ እየተባባሉ ነጥብ በነጥብ ይፋጠጡ ነበር። በአንዲት ነጥብ ካልተግባቡ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዱባትና ነገሩ እዚያችው ላይ ይተከላል። ዳኛውም፣ ዙሪያውን የቆመው ሰውም የቱ እንደተመለሰ፣ የቱ እንደተንጠለጠለ ያውቅ ነበር። የመንዝ ሽማግሌዎች ዛሬም ነገር ሲያዩ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይችን መልስ» ማለት ያውቁበታል። ይህ እውቀት አራት ኪሎ ድረስ ያልተሻገረው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጠባብ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በማዳበሪያ ላሳይ። በ2015 ዓ.ም. የሰኔ ዘር ሲደርስ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ አርሶ አደሩ አደባባይ እስከ መውጣት ደረሰ። «ማዳበሪያ ለምን ዘገየ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ስለ ዓለም ገበያና ስለ ትራንስፖርት ይሆናል። ማዳበሪያው ግን የሚታወቅ መንገድ አለው። ፍላጎቱ ከቀበሌ ተሰብስቦ በወረዳ፣ በዞንና በክልል አልፎ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል፤ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ይገዛል፤ መርከብ ጅቡቲ ያራግፋል፤ ከዚያ የዩኒየን መጋዘን፣ ከዚያ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ የገበሬው ትከሻ። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ቀንና ኩንታል አለ። «የክልሉ ፍላጎት ለሚኒስቴሩ የደረሰው በየትኛው ቀን ነው? የግዥ ውል የተፈረመውስ? የመጀመሪያው መርከብ ሲያራግፍ ለክልሉ የተመደበው ስንት ኩንታል ነበር? እስከ ግንቦት 30 የዩኒየን መጋዘን የገባውስ?» አራት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ማዳበሪያው የቆመበት ቦታ ከመካከላቸው በአንዱ ላይ ተለይቶ ይወጣል።

ይህን ከሕግ ምሁር አልተማርኩትም። ከመራጮች ጋር በተደረገ አንድ ውይይት፣ ብዙ ሰው ስለ ግብርና ችግር በምሬት ከተናገረ በኋላ፣ አንድ አዛውንት ከጋቢያቸው ውስጥ ደረሰኝ አወጡ። «ልጄ፣ ገንዘቡን ለማኅበሩ ያስገባሁት መጋቢት ነው፤ ይኸው ቀኑ። ማዳበሪያዬ ዛሬ በየትኛው መጋዘን ነው ያለው?» አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መድረኩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉን በፈገግታ ሲያስተናግዱ ቆይተው ነበር። አሁን እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ደረሰኙን ተቀብሎ ቁጥሩን መጻፍ ጀመረ።

በምክር ቤቱ ውስጥ ወደዚህ ዓይነት አጠያየቅ በጣም የሚቀርበው በቴሌቪዥን ብዙ ሰው የማያየው የኦዲት መድረክ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብና አሠራር መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የወጪ ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች በይፋዊ ስብሰባ ጠርቶ በግኝቶቹ ላይ ይጠይቃል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ። እዚህ መድረክ ላይ «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚል መልስ ብዙ አያስኬድም፤ ኦዲተሩ ሰነዱን ይዞ አጠገብ ተቀምጧልና። ፓርላማ ማየት የሚወድ ሰው አንድ ጊዜ ይህን መድረክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተል።

በዘውዱ ዘመን የነበረው ፓርላማ ይህን ያህል ሥልጣን አልነበረውም። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን ተጠሪ ያደረገው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። እንደራሴዎቹ ረቂቅ ላይ ማንገራገር ግን ይችሉ ነበር፤ የባለመሬትንና የጢሰኛን ግንኙነት ለመደንገግ የቀረበው ረቂቅ ለዓመታት ሲንከባለል ዘውዱ ወረደ። ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና ያንገራገሩት ለጢሰኛው ብለው አልነበረም።

ወቀሳዬ ለሦስት ወገን ነው። የምክር ቤት አባላት፣ እባካችሁ ከተሰጣችሁ ደቂቃ ግማሹን በምስጋና አትጨርሱት። ጋዜጠኞች፣ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ አሉ» ብላችሁ ስትዘግቡ የተጠየቁት ምን እንደነበረ ጻፉ፤ ጥያቄው ሳይታወቅ መልሱ መመለሱን አንባቢ በምን ይፈትናል? እኛ መራጮችም አለንበት። ወኪላችን በዕረፍቱ ወር ሲመጣ «መንገዳችንስ?» ብለን እንሸኘዋለን፤ እሱም አራት ኪሎ ሄዶ «መንገዳቸውስ?» ይላል።

ስለዚህ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣውን መንገድ የሚመለከት ጥያቄ ያለው ሰው ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር እንዲቀርብለት የሚፈልገውን ለይቶ በጽሑፍ ይስጥ። የትኛው ክፍል፣ ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ወር መኪና እንደቆመ፣ ለዚህ በጀት ዓመት ለዚያ ክፍል የተያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነና እስካሁን ምን ያህሉ እንደተከፈለ። ደብዳቤው ለወኪሉ በስሙ፣ ግልባጩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይሂድ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ የስድስት ወሩ አፈጻጸም የሚሰማው ከጥር ጀምሮ፣ የዘጠኝ ወሩ ከሚያዝያ ጀምሮ ነው፤ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ቢደርስ ይመረጣል።