ሦስት ሰው፣ ሠላሳ ድምፅ

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውስጥ ነሺዳ የሚያወጡ ሦስት ጓደኛሞች፣ ወይም ቤት ውስጥ መዝሙር የሚቀርጹ የኳየር ልጆች፣ መጀመሪያ የሚፈትናቸው ማይኩ ሳይሆን ክፍሉ ነው። የገጠሩ የጉራጌ ጎጆ በወፍራም ሣር ስለሚከደን ድምፅ ይውጣል፤ የከተማው ክፍል ግን ቆርቆሮ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። መሃሉ ላይ ቆመው አንዴ ቢያጨበጭቡ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ "ትርርር" ይላል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ የዕለቱ ቀረጻ አበቃ። ስለዚህ ፍራሹ ከአልጋ ወርዶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ከዘፋኙ ጀርባ ብርድ ልብስ ይሰቀላል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጉራጌ ዘፈን አውጪው አንድ ቢሆንም ነፍሱ ያለችው ተቀባዩ ዘንድ ነው። በመስቀል ሰሞን ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ መንደር ሙሉ ሰው ሲቀበል የሰማ ጆሮ፣ የሦስት ሰው ቅብብል ይሳሳበታል። ነሺዳ ላይማ ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ስለሚቀረጽ የሚሸፍነው ነገር የለም።

ጀማሪ ወዲያው የሚያደርገው የተቀዳውን ኮምፒዩተር ላይ ማባዛት ነው። ከንቱ ድካም! አንድ ዓይነት ቅጂ ሁለቴ ሲደረብ ያው ድምፅ ጮክ ይላል እንጂ ሁለተኛ ሰው አይወለድም። ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢያዘገዩት ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ጩኸት ራሱም ብዙ አያስኬድም፦ ከአንድ ዘፋኝ እጥፍ ጎልቶ ለመሰማት ወደ አሥር ዘፋኝ ያስፈልጋል። ጆሮ ብዛትን የሚያውቀው በልዩነት ነው። አንዱ በጥቂቱ ይቀድማል፣ ሌላው ቃናውን በትንሹ ዝቅ ያደርጋል፣ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ቆሟል።

መፍትሔው እንግዲህ ደጋግሞ መዝፈን ነው። ሦስቱ አራት ጊዜ ቢቀበሉ አሥራ ሁለት፣ አሥር ጊዜ ቢቀበሉ ሠላሳ ድምፅ ይሆናል። በየዙሩ ቦታ ይቀያየራሉ፤ አንዴ ማይኩ ሥር፣ አንዴ ሁለት እርምጃ ወደኋላ። አንዱ ዙር በወፍራም ድምፅ፣ ሌላው በቀጭኑ ይሁን። ሲቀናበር ከፊሉ ወደ ግራ፣ ከፊሉ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ አውጪው መሃል ይቀራል። ጊታሪስቱ ሌስ ፖልና ዘፋኟ ሜሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1951 "ሃው ሃይ ዘ ሙን"ን ሲያወጡ የአንዲት ሴት ድምፅ በመደራረብ ቡድን ያስመሰሉት በዚሁ መንገድ ነበር። የቢትልሱ ጆን ሌነን ሁለቴ መዝፈን ሲሰለቸው፣ የአቢ ሮድ ስቱዲዮው ኬን ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለተኛ ቴፕ ሥራውን ለማሽን ሰጠው፤ ማሽኑም ቢሆን ፍጥነቱ ጥቂት ካልተዛነፈ ሁለተኛ ሰው አይመስልም ነበር።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። ጥ፣ ጭ፣ ቅ ፈንጂ ድምፆች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱም ድምፅ እኩል ካልዘጋቸው ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ጠጠር ይሆናሉ። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ጥርት አድርጎ ይዝጋ፣ የቀሩት ሳይጨርሱት ይተዉት። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታም አስቀድሞ ይወሰን።

ሪቨርብ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ማስተጋባት፣ የመጨረሻው ቅመም ነው። አብዝተው የሚያፈሱበት አሉ፤ እኔ ግን ጭብጨባን እመርጣለሁ። የጉራጌ ዘፈን ፈጣን ነው፤ ለብቻው አምስት ስድስት ዙር የተቀዳ ጭብጨባ፣ ከማይክ ርቆ፣ አንዳንዱ በጠፍጣፋ እጅ አንዳንዱ በጎድጓዳ መዳፍ፣ ከሪቨርብ ይልቅ ሰው ያበዛል።

ሥራው ሲያልቅ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሰምቶ መርካት አይበቃም። ብዙ አድማጭ የሚሰማው በስልክ ስፒከር ነው፤ ባለአንድ ስፒከር ስልክ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ ይደባለቃል። ኮምፒዩተሩ ላይ ተባዝቶ በጆሮ ማዳመጫ ሰፊ መስሎ የነበረው ቅጂ እዚያ ይሟሽሻል፤ ደጋግመው የዘፈኑት ግን ይጠባል እንጂ አይጠፋም።